ባልሠለጠነ እጅ

ሰርካዲስን ዓይኗን አስጨፍናችሁ ጨርቅ ብታስይዟት፣ ክሩ በእንዝርት የተፈተለ ይሁን በመኪና በጣቶቿ ዳብሳ ትነግራችኋለች። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሷ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ፣ የሚወጣውን ጣቃ በአጉሊ መነጽር እያየች የተበጠሰውን ድርና የሳተውን ማግ ስትለቅም አሥራ አራት ዓመት ቆየች። ከዚያ ወጥታ በማታው ክፍል ታሪክ ተማረች። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው የድሬዳዋ ሴቶች በባቡሩ ዘመን ምን ይለብሱ እንደነበር ነው። ክፍል ውስጥ ርእሱን ስታስመዘግብ የሳቁባት ነበሩ።

ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ የምትሠራው ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ካሉት የድሮ ቤቶች በአንዱ ውስጥ በተከፈተች ትንሽ የአልባሳት ማሳያ ቤት ነው። ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞረች "እናትሽ ምን ትለብስ ነበር? ሳጥኑ ውስጥ ምን ቀርቷል?" ትላለች። የተሰጣትን ልብስ ትመዘግባለች፣ ከብል ታጸዳለች፣ ዕድሜውንና የመጣበትን አጥንታ በካርድ ትጽፋለች። ሥራዋን ትወዳለች። በሥራዋም ትኮራ ነበር፤ ጥፋቱም የመጣው በዚያ በኩል ነው።

ያን ቀሚስ ያገኘችው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የነገራት የማሳያ ቤቱ ዕቃ ያዥ ተማም ነበር። ተማም ሱማሊኛውንም፣ ኦሮሚኛውንም፣ ሐረሪኛውንም እንደ አማርኛው የሚያቀላጥፍ፣ ድሬ ውስጥ የማያውቀው ግቢ የሌለ ሰው ነው። "ናሲሞ ቤት አንድ የሙሽራ ቀሚስ አለ፤ ካላየሽው ምንም አላየሽም" አላትና አብረው ሄዱ።

ናሲሞ ቀፊራ ገበያ ቅመም ስትሸጥ የኖረች፣ ስድሳን የተሻገረች ሴት ናት። ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶባት ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ቀሚሱ የእናቷ ነበር። እናቷ የሐረር ሰው ነበረች፤ ጀልዴሳ ላለ ሱማሌ ተድራ ስትመጣ ለብሳው መጣች። ውጩ ጥቁር፣ ገበሩ ደም የመሰለ ቀይ፣ ደረቱ በወርቅማ ሐር የተጠለፈ ነው። ሰርካዲስ ስታየው ትንፋሿን ዋጠች። አንድ ነገር ብቻ ዓይኗን ወጋት። ከቀኙ ብብት ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የምታህል ባለ አበባ ርካሽ ጨርቅ በአረንጓዴ ክር ተንጋዳ ተጥፋበታለች።

ናሲሞ ቀሚሱን አጣጥፋ እያስረከበቻት፣ "እንዳለ ያዥልኝ" አለች። "እንዳለ፣ ሰማሽ? ስለዚች ስለ ጎኑ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቁጭ በይ።"

ውጭ ባጃጁ ጡሩምባውን ደጋግሞ እየነፋ ነበር። ሰርካዲስ በዚያ ቀን ሁለት ቤት ቀርቷታል። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም "አንቺ" ነውና፣ "አብሽሪ ናሲሞ፣ ሌላ ቀን መጥቼ ቁጭ ብለን እናወራለን፤ ያን ጊዜ ትነግሪኛለሽ" አለቻት። ናሲሞ ራሷን ነቀነቀች። ሰርካዲስ ኅዳርንም፣ ታኅሣሥንም፣ ጥርንም ሳትመለስ አሳለፈች።

የካቲት ላይ የሙሽራ ልብሶች ትርኢት ሊከፈት ተወስኖ ነበር። ጥር ላይ የማሳያ ቤቱ ኃላፊ ሣህሉ ቀሚሱን ሲያይ፣ "ይህችን መሃል እናቁማት" አለ። ስለ መጣፊያዋ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህን ሰርካዲስ ራሷ ደጋግማ ትናገራለች፤ ማንም አላዘዛትም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስታየው፣ ያች እራፊ እንደ ቁስል ታየቻት። የዚያን ዘመን እጅ ሥራ ኋላ የመጣ ሰው አበላሽቶታል ብላ አሰበች። መጀመሪያ እንደተሰፋ ልመልሰው ብላ መቀሷን አነሣች።

በዚህ ሙያ፣ ከልብስ ላይ አንዲት ክር ከመነሣቷ በፊት ማን ሰፋው፣ ለምንስ ሰፋው ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያም ፎቶ ይነሣል። ይህን ለሠልጣኞች የምታስተምረው እሷው ነበረች። ያን ቀን ግን አልጠየቀችም፤ ፎቶም አላነሣችም። አረንጓዴውን ክር አንድ በአንድ ተርትራ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ከእራፊዋ ሥር የነበረውን ቅድ ውስጥ ለውስጥ፣ ዓይን በማያየው ስፌት ገጠመችው። ከዚያ መዝገቡን ከፍታ ጻፈች፦ "ቀኝ ጎን፦ በኋላ የተጨመረ መጣፊያ፤ ባልሠለጠነ እጅ የተሰፋ። ተነሥቷል።" በዚያች እራፊ የስፌት መኪናዋን ዘይት ጠረገችና መሳቢያ ውስጥ ወረወረቻት። ጥሩ ሠራሁ ብላ፣ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች።

ትርኢቱ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ወጣት መጣች። ኢፍቲን እባላለሁ፣ የናሲሞ ልጅ ነኝ አለች። ነርስ ናት፤ ከሥራ እንደወጣች ልብሷን ሳትቀይር ነበር የመጣችው።

"ሆዮ ልካኝ ነው" አለች፤ እናቷን ነው በሱማሊኛው ሆዮ የምትላት። "ሕዝብ ከማየቱ በፊት አንድ ጊዜ ልዳብሰው ትላለች።"

"ቀሚሱን?"

"ቀሚሱንማ መቼ አጣችው፤ ፋዱማ የሰፋቻትን እንጂ። ባለ አበባዋን።"

"ፋዱማ ማናት?"

ኢፍቲን ገርሟት አየቻት። "አልነገረችሽም እንዴ? እነግራታለሁ ብላኝ ነበር እኮ።"

ከዚያ እዚያው እንደቆመች ነገረቻት። ፋዱማ ታላቅ እህቷ ነበረች። በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ የደቻቱ ወንዝ ቤታቸውን ከነግድግዳው ጠራርጎ ሲወስድ ፋዱማንም ወሰዳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ አልተገኘም። ፎቶዋም፣ ደብተሯም፣ ልብሷም ከቤቱ ጋር ሄደ። ቀሚሱ የተረፈው በዚያ ሳምንት ጀልዴሳ ያሉ ዘመዶች ለሠርግ ተውሰውት ስለነበር ነው። ጎኑ የተቀደደው ከጎርፉ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ፋዱማ "እኔ ልስፋው፣ እኔ ልስፋው" ብላ መድረሻ አሳጣቻቸው። ናሲሞም ከልጅቷ ያረጀ ቀሚስ ቀድዳ፣ መርፌና ክር ሰጥታ አስቀመጠቻት።

"እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ መልኳ እንኳ አይመጣልኝም" አለች ኢፍቲን። "ሆዮ ግን ከዚያች ልጅ እጅ የቀራት ያ ስፌት ብቻ ነው። ሲጨንቃት ትዳብሰዋለች።"

ሰርካዲስ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነበር። "አሁን ታሽጎ ነው ያለው። ሐሙስ አምጪያት።"

ኢፍቲን እንደወጣች መሳቢያውን ገለበጠችው። እራፊዋ ተጨማድዳ፣ ዘይት ጠጥታ፣ ከአሮጌ መርፌዎች ሥር ተገኘች። ክሩ ግን የለም። ወደ ተማም ሮጣ ሄደች።

"ተማም፣ ጥር ላይ ከኔ ክፍል የወጣውን ቆሻሻ ምን አደረግኸው?"

"አቃጠልኩት። ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም።"

ተማም ፊቷን አየና ሌላ ሳይጠይቃት ወደ ሥራው ተመለሰ።

መናገር ነበረባት፤ ታውቃለች። እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ነበራት፤ በሦስቱም ቀን ልትደውል ስልኳን አነሣች፣ አስቀመጠች። በልቧ የምትለው ሁልጊዜ ያው ነበር፤ አሮጊቷ ሴት ምን ትሆናለች? አሁን ስታስበው ግን ያን ጊዜ የፈራችው ለናሲሞ አልነበረም። "ሰርካዲስ እንዲህ ሠራች" መባሉን ነው የፈራችው።

እራፊዋን በለብታ ውሃ እየነከረች ዘይቱን እስኪለቅ አጠበቻት። ገበሩ ሥር አንዲት የአረንጓዴ ክር ቁራጭ ተጣብቃ ቀርታ ነበር፤ እሷን በወረቀት ጠቅልላ ቀፊራ ወረደች፣ መርፌና ክር ከሚሸጡት ዘንድ። ድንኳን ለድንኳን ዞራ፣ ፀሐይ ላይ እያስተያየች፣ ያንኑ የመሰለ ያረጀ የጥጥ ክር አገኘች። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ በርትቶ ከተማው በሩን ሲዘጋ፣ እሷም ክፍሏን ከውስጥ ቆለፈች። ራሷ የገጠመችውን ስፌት ፈታችና እራፊዋን ቦታዋ ላይ አስቀመጠቻት።

ክር ቢወጣም ቀዳዳው ይቀራል። ጥቁሩም ጨርቅ፣ ባለ አበባውም፣ ልጅቷ መርፌ ያስገባችበትን ሁሉ ይዘው ነበር። ሰርካዲስ አጉሊ መነጽሯን አድርጋ ቀዳዳውን በቀዳዳው ላይ እየገጠመች መስፋት ጀመረች። የመጀመሪያው ጎን ስፌት አንዱ የጣት አንጓ ያህላል፣ አንዱ የሩዝ ፍሬ ያህላል፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳዎቹ ተደራርበዋል፤ ተሳስታ ፈትታ ደግማለች። በሁለተኛው ጎን መንገዱን ይዛለች። በሦስተኛው አንድ ቦታ ብቻ ስታለች። በአራተኛው ስፌቱ ትናንሽ ነው፣ እኩል ነው፣ እንደ መስመር የቀና ነው። ልጅቷ በአንዲት እራፊ አራት ጎን ውስጥ መስፋት ተምራ ጨርሳለች። ሰርካዲስ ይህን ጥር ላይ በዓይኗ አይታው ነበር፤ አይታው "ባልሠለጠነ እጅ" ብላ የጻፈችው እሷ ናት። መርፌውን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይታ ግን ተመለሰችና ጨረሰችው።

ሐሙስ ናሲሞ በኢፍቲን ክንድ ተደግፋ መጣች። ወንበር አቀረቡላት፤ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አኖሩላት። ጣቶቿ የደረቱን ጥልፍ አልፈው፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው በቀጥታ ወደ ጎኑ ሄዱ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ናሲሞ ሳቀች።

"እዚህ ጋ መርፌው ወጋትና አለቀሰች" አለች። "በቃ ተይው አልኳት። ወላሂ አልተውም አለች።"

ናሲሞ ስትዳብስ ቆየችና እጇን ዘርግታ የሰርካዲስን እጅ ፈልጋ ያዘች።

"እንዳለ ያዥልኝ ብዬሽ እንዳለ ያዝሽልኝ። አላህ እጅሽን ይባርከው።"

"አሜን" አለች ሰርካዲስ።

ትርኢቱ በቀኑ ተከፈተ። ናሲሞ ለሣህሉ ታሪኩን ነግራው ነበርና፣ ከቀሚሱ ጎን "የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእጅ ሥራ" የሚል ጽሑፍ እንዲቆም አዘዘ። የተየበችው ሰርካዲስ ናት። ሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ እዚያ ይቆም ነበር። እናቶች ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ተማሪዎች ፎቶ ያነሣሉ። እሷም አስጎብኚ ናትና ትተርክላቸዋለች። ስትተርክ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላት ነበር። ዕድሜ ልኳን ከጨርቅ ላይ ውሸት ስትለቅም የኖረች ሴት፣ መሃል አዳራሽ ውሸት አቁማ ታስጎበኛለች።

እህል አልወርድ አላት። በጾሙ መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ፣ "እኔ ዘንድ መምጣትሽ መልካም ነው፤ የበደልሽው ግን እኔን አይደለም" ብለው ብቻ አሰናበቷት።

በማግስቱ ለተማም ነገረችው። ተማም አልደነገጠም።

"አውቄው ነበር" አላት። "ቆሻሻውን የጠየቅሽኝ ቀን ገባኝ። ኅዳር ላይም ቁጭ በይ ስትልሽ አጠገብሽ ነበርኩ፤ ባጃጁ ይሂድ ማለት እችል ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ልከተልሽ?"

"ብቻዬን ልሂድ።"

ናሲሞና ልጇ ከጎርፉ በኋላ ከደቻቱ ርቀው ጎሮ በኩል ነው የሚኖሩት። ሰርካዲስ ስትገባ ናሲሞ ድምፅዋን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ "ነይ፣ እዚህ ከጎኔ" ብላ ምንጣፉን መታ መታ አደረገች። ሰርካዲስ ተቀመጠች። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። "ናሲሞ፣ እኔ ፈትቼዋለሁ" ብላ ጀመረች። ጥር ላይ ያደረገችውን፣ ዘይቱን፣ የተቃጠለውን ክር፣ ከቀፊራ የገዛችውን፣ ቆልፋ የሰፋችውን፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።

አብራ የነበረችው ኢፍቲን እጇን እናቷ ትከሻ ላይ አኖረች።

"እና ያን ቀን የዳበስኩት የማን ነው?"

"የኔ።"

"እኔ ስስቅ አንቺ ቆመሽ ታዪኛለሽ።"

"አዎ።"

"ስመርቅሽ አሜን ብለሻል።"

ናሲሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ኢፍቲን ሰርካዲስን እስከ በር ሸኘቻት። ሸኘቻት ማለት ልክ አይደለም፤ አስወጣቻት።

"ለምን ነገርሻት?" አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። "አታውቅም ነበር እኮ። ለሷ ብለሽ ነው ወይስ አንቺ እንዲቀልልሽ?"

ሰርካዲስን አልቀለላትም፤ ይህን ብቻ ታውቃለች።

ከዚያው ወደ ሣህሉ ሄደች። ሣህሉ በትዕግሥቱ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ጠረጴዛውን መታ። ጽሑፉ ተነሣ፤ ቀሚሱም ከአዳራሹ ወጣ። ሰርካዲስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳትና ከአስጎብኚነት ወደ ዕቃ ቤት ተዛወረች። መዝገቡን ለማረም ፈቃድ ጠየቀች። ጥር ላይ የጻፈቻት መስመር እንዳትሰረዝ አድርጋ፣ ከሥሯ ያደረገችውን በሙሉ ከነቀኑ ጽፋ ፈረመችበት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ኢፍቲን ደወለች። "ሆዮ ቀሚሱን አምጪ ትላለች። መቀስሽንም ያዢ።"

ናሲሞ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር የጠበቀቻት። ሰላምታም ሳትመልስ፣ "ክርሽን አውጪ" አለቻት።

ሰርካዲስ ተንበርክካ መተርተር ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ የምታወጣው የራሷን ክር ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ናሲሞ ጠየቀች።

"ቀዳዳውስ? እሱም ያንቺ ነው?"

"አይደለም። ቀዳዳው ሁሉ የእሷ ነው፤ አንድም አልጨመርኩም።"

"ምን ይመስላል?"

ሰርካዲስ መቀሷን አስቀመጠች። ያየችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጎን ጀምራ ነገረቻት፤ የት ላይ እንደሰፋ፣ የት ላይ እንደጠበበ፣ የት ፈትታ እንደደገመች። ናሲሞ አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር። አራተኛው ጎን ላይ ሲደርሱ ሰርካዲስ፣ "እዚህ ልቅም ያለ ነው። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንዲህ አልሰፋም ነበር" አለች። ኢፍቲን ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች።

ክሩ ወጥቶ ሲያልቅ ናሲሞ ቀሚሱንና እራፊዋን ተቀብላ፣ እራፊዋን በቀሚሱ ውስጥ አድርጋ አጣጠፈችው። ማሳያ ቤቱ እንዲመልሱለት ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ አልመለሰችም። እስከ ዛሬም ቤቷ ነው ያለው።

ሰርካዲስ አሁን የምትውለው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከካርዶቹ ጋር ነው። ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ከልብሶች ላይ ያነሣችውን ሁሉ ከመዝገብ እየለቀመች፣ ባለቤቶቹን እየፈለገች ትጠይቃለች። ሰባት መጣፊያ፣ ሁለት የተቀየረ አንገትጌ፣ አንድ የተቆረጠ ዘርፍ አግኝታለች። ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ሞተዋል። አንዳንዶቹ "እሱማ ምንም አይደል" ብለው ይስቃሉ። አንዲት ሴት ግን ስልኩን ዘጋችባት።

ባለፈው ሰኔ ቀፊራ በቅመም ተራ ስታልፍ ናሲሞን ከአንዲት ነጋዴ አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። ዞር ልትል አሰበችና ተወችው። ቀርባ "እንደምን ዋልሽ ናሲሞ" አለቻት።

ናሲሞ ድምፅዋን ለየችው። እፍኝ ቁንዶ በርበሬ በእጇ እያሸች፣ "አላህ ይመስገን" አለች። "አልረሳሁልሽም። ሰላምታሽን ግን አልመልስም አልልም።"

ሰርካዲስ "እሺ" አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።